አፌ የተፈታው በቡድን ውስጥ ነው

ታካሚዎች አብረው ተቀምጠው ስለ ጭንቀታቸው ስለሚወያዩበት የቡድን ሕክምና አንድ ጽሑፍ አነበብሁ፤ «የቡድን ሕክምና ሐኪም ሲጠፋ የሚሰጥ ማካካሻ ነው» የሚለው ሐሳቡ ግን አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የኡጋንዳ ጥናት በገጠር ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለ16 ሳምንታት በቡድን አወያይቶ ሕመማቸው በእጅጉ መቅለሉን አሳይቷል፤ አወያዮቹም ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

እኔም ተመላላሽ ታካሚ ነኝ። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ስድስት ሳምንት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። በሰባተኛው አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ «ልጆቼ ልቅሶዬን እንዳይሰሙ ሌሊት ትራስ እነክሳለሁ» አሉ። የእኔን ሌሊት የተናገሩ መሰለኝ፤ አፌም ያን ቀን ተፈታ። መድኃኒቴን ግን አላቋረጥሁም።

እባካችሁ የማታ ቡድንም ይኑር፤ የቀን ሠራተኛ በሥራ ሰዓት እንዴት ይምጣ?