ሃምሳ ሎሚና አንድ ሽርጥ

የታሚል፣ ማለት የደቡብ ህንዶቹ፣ የቤተሰብ ድራማ ፊልም ሲታይ አጠገብ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ሰው አለ። ጀግናው ቡጢ ሰንዝሮ ባላንጣው እንደ ገለባ ሲበር፣ ሶፋውን በመዳፉ መታ አድርጎ «ኧረ ውሸት!» ይላል። አንዴ ብሎ ቢተወው ምን ነበር? በየቡጢው ይላል።

አዎ ወንድሜ፣ ውሸት ነው። ግን የተለፋበት ውሸት ነው። ተመቺው ከሸሚዙ ሥር መታጠቂያ ታጥቋል፤ ከጀርባው የሚወጣው ገመድ ክሬን ላይ በተሰቀለ መዘውር ዞሮ ጎታቾቹ እጅ ይገባል። ቡጢው መንጋጋ አይነካም፤ በስንዝር ያህል ርቆ ያልፋል። ካሜራው ከትከሻ ኋላ ስለሚቆም ክፍተቱ አይታይም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ግን ጉድ ፈላ። ጎታቾቹ ከቸኮሉ ሰውየው ቡጢው ሳይደርስበት ይበራል፤ ከዘገዩ ደግሞ ይመታል፣ ያስብበታል፣ ከዚያ ይበራል። በሰከንድ 48 ፍሬም የተቀረጸው በ24 ስለሚታይ አወዳደቁ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። መሬቱ ላይም ደረቅ አቧራ ይነሰነሳል፤ አቧራ ያላስነሳ ውድቀት ተደናቅፎ መውደቅ ነው የሚመስለው።

ደግሞ የሚጥመው ከቡጢው በፊት ያለው ነው። የገጠሩ ጀግና የሚለብሰው ቬሽቲ ከእኛ ሽርጥ ጋር የሚቀራረብ፣ መርፌ ያልነካው ነጭ ጥጥ ነው። አጭሩ 4 ክንድ፣ ረጅሙ 8 ክንድ፤ እነሱም የሚለኩት በክንድ ነው። ሽማግሌ ፊት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይለቀዋል። ጫፉን በተረከዙ ወደ ላይ ወርውሮ፣ በእጁ ቀልቦ፣ ጉልበቱ ላይ አጥፎ ወገቡ ላይ ከሻጠው ግን ሽምግልናው ፈርሷል።

ይህን ማን ያያል? ያ ባለ ሶፋው ሰውዬ ሁሉንም «ቦሊውድ» ብሎ ጨርሶታል። ቦሊውድ ስሙ ከቦምቤይ፣ ቋንቋው ሂንዲ። የታሚሎቹ ኮሊውድ ነው፤ «ኮ»ዋ የመጣችው ቼናይ ከተማ ውስጥ ስቱዲዮ ከሞላበት ከኮዳምባካም ሰፈር ነው። ሂንዲና ታሚል በቋንቋ ዘር እንኳ አይዛመዱም። አማርኛን «ስዋሂሊ ነው አይደል?» ያለንን ፈረንጅ ሦስት ቀን የምናኮርፍ ሰዎች እኮ ነን!

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ጀግናውን የሚከቡት ሃምሳ ወሮበሎች ግን አልሰሙትም። እንደ ማጭድ የቆለመመ አሩቫላቸውን ይዘው ክብ ይሠራሉ፤ አንዱ ገብቶ እስኪበር አርባ ዘጠኙ ወፍጮ ቤት እንደመጣ ሰው ተራ ይጠብቃሉ። ምን ያድርጉ፣ ሁለት ገመድ ባንዴ ከተሳበ ይጠላለፋል፤ ያችን ስንዝር የሚደብቀውም አንድ ማዕዘን ብቻ ነው። ሎሚስ እዚያ አገር ሌላ ሥራ አለው፤ አዲስ መኪና ሲገዛ ክፉ ዓይን እንዲርቅ ጎማ ሥር ይጨፈለቃል። ከምን ተነስቼ ሎሚ ውስጥ ገባሁ?

ከውሸት። እንግዲህ ውሸት ከተባለ፣ በጃንዋሪ 2019 ለፖንጋል፣ ለታሚሎች የመኸር በዓል፣ የወጣውን «ቪስዋሳም» የተባለ ፊልም እንይ። ተዋናዩ አጂት ኩማር እዚያው ታሚሎች አገር በቴኒ አካባቢ የሩዝ ወፍጮ ባለቤት፣ ናያንታራ ሐኪም ሚስቱ። ተጣልተው ልጇን ይዛ ሙምባይ ትገባለች። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ አባቷን ፊት ለፊት እያየችው አታውቀውም፤ ጠባቂዋ ሆኖ እየተከተላት እንኳ አታውቀውም። ፎቶ የለም? አክስት የለም? ያ ሁሉ ዘመድ፣ ያ ሁሉ የመንደር አፍ ባለበት አገር ስልክ አንስቶ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እኮ…» የሚል አንድ ወሬኛ ጠፋ? ለዚህ ገመድም መዘውርም አልተቀጠረም፤ በዘፈን ብቻ ነው የተጎተተው። የፊልሙ ዜማ ደራሲ የዲ. ኢማን ዜማዎች ደግሞ የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ያስገኙለት ናቸው፤ ይጎትታሉ።

እዚህ ላይ ያ ሰውዬ «ውሸት» አለ? አላለም። አፍንጫውን በሶፍት ይዞ «አይ አባት!» አለ።

አሁን ድብድቡ ተጀመረ መሰለኝ፤ ሶፍቱን አስቀመጠው፣ መዳፉም ወደ ሶፋው እየሄደ ነው።