ማስተካከያ፦ ወደ ታክሳንግ ገዳም ፈረስ በሩ ድረስ አያደርስም

በቡታን ፓሮ ሸለቆ ስላለው የታክሳንግ የቡድሂስት ገዳም ቀደም ሲል ስጽፍ «ፈረስ ተከራይታችሁ በሩ ድረስ ትሄዳላችሁ» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። ፈረሱ የሚያደርሰው መንገዱ አጋማሽ ላይ እስካለው ሻይ ቤት አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ መጨረሻ ላይ ገደሉን ይዛችሁ ብዙ መቶ ደረጃ ወርዳችሁ፣ ከፏፏቴው አጠገብ ያለችውን ድልድይ ተሻግራችሁ እንደገና ትወጣላችሁ። ከፍታው 3,120 ሜትር ያህል ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታውቁ አትነሱ። ይቅርታ የምጠይቀው በተለይ እናንተን ነው።

ሕንፃውንም «የ8ኛው ክፍለ ዘመን» ብዬዋለሁ። በዚያ ዘመን የቡድሂስት መምህሩ ጉሩ ፓድማሳምባቫ ሱባኤ ገባበት የሚባለው ዋሻው ነው። ቤተ መቅደሱ የታነጸው በ1692 ሲሆን፣ በ1998 በእሳት ወድሞ፣ እንደገና ተሠርቶ በ2005 ተመረቀ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካሜራና ስልክ መግቢያው ላይ ይቀራል። ጫማም ይወልቃል፤ ወለሉ ይቀዘቅዛልና ወፍራም ካልሲ ያዙ።