የፍሬን ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም
የተራራ ብስክሌቴን ዕቃ በዕቃ እየለቀምኩ ራሴ መገጣጠም ከጀመርኩ ወዲህ፣ እንደ ዲስክ ፍሬን ምርጫ ያንገበገበኝ ነገር የለም። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ፍሬን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ፣ ከፊት 203፣ ከኋላ ደግሞ 180 ሚሊሜትር ዲስክ እንዲኖረው ወስኜ ነበር። ታዲያ አንዱ አምራች 200፣ ሌላው 203 እያለ፣ በ3 ሚሊሜትር ልዩነት ብቻ የካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ክፍል፣ ማያያዣ በልኩ እንዳይገጥም ማድረጉ ማንን ይጠቅማል? የገዛሁት ዲስክ 6 የብሎን ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ በእጄ ያለው ሞዞ (ዲስኩ የሚታሰርበት የጎማው እምብርት) ግን ብሎን የማይቀበል፣ ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት ነው፤ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ባየኋቸው ቁጥር ንዴቴ ይታደሳል።

ከሁሉ የባሰው ግን የዘይቱ ነገር ነው። የመረጥኩት የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ሆኖ ሳለ፣ ሻጩ «የፍሬን ዘይት ያው አንድ ነው» ብሎ ዶት 4 የተባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት አስታቀፈኝ። አምኜው ብጨምረው ኖሮ የውስጥ ጎሚኒዎቹ ተበላሽተው ፍሬኑ ሊከዳኝ ይችል ነበር፤ ያውም ቁልቁለት መሃል ላይ። የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት ምን ይከብዳል? በፍሬን መያዣው ክዳን ላይ የማዕድን ዘይት ብቻ እንዲጨመር በግልጽ ተጽፏል፤ ገልብጦ ማንበብ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔም እስካሁን ትክክለኛውን ዘይት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነው፣ ፍሬሙም ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው።