ግንባራችን ይባረክ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ የታክሲ ሰልፍ። እንዲህ ያለ ኅብረት የት ይገኛል? ኮሚቴ የለ፣ መዋጮ የለ፣ ስብሰባ የለ። ፊተኛው ሰውዬ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ሁለተኛው ያየውና ይቋጥራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ገና ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የወረደችው፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ ያደረችው ልጅ እንኳ መጨረሻ ላይ ቆማ ድርሻዋን ሳታገኝ አትቀርም። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ታክሲ በዕድል ነው። ኩርፊያ ግን ሳይቋረጥ፣ በነፃ፣ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል። እደጉ፣ ተመንደጉ!

ስዊድኖች ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ ገቡ፣ አይ ምስኪኖች። እ.ኤ.አ. በ2000 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኡልፍ ዲምበርግ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ሰዎች ፊት ላይ የጡንቻ እንቅስቃሴ የሚለካ ኤሌክትሮድ ለጥፎ፣ የተቆጣ ወይም የፈገገ ሰው ፎቶ ለ30 ሚሊሰከንድ ብቻ ብልጭ አድርጎ አሳየና ወዲያው ምንም ስሜት በሌለው ፊት ሸፈነው። አየሁ ለማለት እንኳ አይበቃም። ቢሆንም ለተቆጣው ፊት ቅንድብ የሚሰበስበው ጡንቻ፣ ለፈገገው ደግሞ ጉንጭ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ንቅንቅ አለ። ፊት ሲቋጠር ስሜትም ምን ያህል ይከተለዋል የሚለውን ምሁራኑ እስካሁን ይከራከሩበታል። ወደ ሰልፋችን ቢመጡ በአንድ ጠዋት ያልቅላቸው ነበር።

ደግሞ 30 ሚሊሰከንድ ምን አላት! እኛ እስከ መገናኛ ድረስ ነው የምንተያየው። በተለይ ሞተር ላይ፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ የሚቀመጠው ወንድማችን ምስጋና ይገባዋል፤ ብቻውን ሙሉ ሚኒባስ ያስኮርፋል። ረዳቱ "ዝርዝር የለኝም" ሲል የሚጨምርበት ቅመም አለ፣ እሱን እንለፈው።

አሳሳቢው ነገር ፈገግታም በዚያው መንገድ መተላለፉ ነው። ሰሞኑን አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከኪዳን መልስ ሰልፉ ላይ ደርሰው "እንዴት አደራችሁ ልጆቼ" ብለው ፈገግ አሉና ስንት የደከምንበትን አበላሹት። የአንዱ ጥርስ ታየ። ቀጥሎ የሌላው። ሥርዓት ያስይዛል ብለን ተራ አስከባሪውን ብናይ እሱም እየሳቀ "እማማ፣ ይምጡ ከፊት ይግቡ" ይላል፤ የሚገርመው ማንም አልተቃወመም! ደግነቱ ታክሲው ደረሰ፤ ረዳቱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ታሪፍ ተጨምሯል አለን።