አልጋ ስር ያለው ካርቶን

ሐረር የሄድኩ ጊዜ አብሮ አደጌ ቤት አደርኩ። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ማታ ፍራሽ ሊያወጣልኝ አልጋውን ሲገፋው ከስሩ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሯል። ዘይት ነው ብዬ ነበር። ለካ መጽሐፉ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተመው የአጭር ልቦለድ ስብስብ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስ በላስቲክ ተሸፍኖ።

እኔ ባለሁበት አሜሪካ «መጽሐፉን ራሱ አሳተመ» ሲባል ከሌላው ደራሲ ለየት ያለ ሰው ነው። ወይ አሳታሚ አልቀበለውም፣ ወይ እሱ አሳታሚ አልፈለገም። እኛ ጋ መለየቱ የቱ ላይ ነው? በደርግ ጊዜ ኩራዝ የሚባል አሳታሚ ድርጅት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ደራሲ ረቂቁንና ገንዘቡን ይዞ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ሰው ነው። ጓደኛዬ ዕቁብ ሲደርሰው ነው ያሳተመው። ሚስቱ ፍሪጅ ነበር የጠበቀችው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አብሮኝ ፓርኪንግ የሚሠራ ጋናዊም ደራሲ ነው። ልቦለዱን አማዞን የሚባለው የኢንተርኔት መደብር ላይ ጫነው። አንድ ሰው ሲያዝ አንድ ኮፒ ይታተማል፤ ካልታዘዘ የሚታተም የለም። ካርቶንም የለም፣ ዕቁብም የለም። የወረቀቱን መጽሐፍ 9.99 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተመነው 60 በመቶው ይታሰብለትና የማተሚያው ወጪ ይቀነሳል። በአሳታሚ በኩል ቢሄድ ለስላሳ ሽፋን ካለው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ እንኳን አያገኝም። ቅድሚያ ክፍያ ቢሰጡትም ከድርሻው እስኪካካስ ሌላ ሳንቲም አያይም። ከአሳታሚ ጋር የሚያገናኘው ወኪል ካለው ደግሞ ከመቶ 15 የወኪሉ ነው። እርግጥ አርታኢውንም፣ ማተሚያውንም፣ ኪሳራውንም የሚሸከመው አሳታሚው ነው። ያም ሆነ ይህ ጋናዊው ዛሬም መኪና ያቆማል። ያለፈው ወር የመጽሐፍ ገቢው ለሁለታችን ቡና ገዝቷል፤ ኬክ ጨምረን ቢሆን አይበቃም ነበር።

ጓደኛዬ ለማን ስንት ኮፒ በዱቤ እንደሰጠ የሚጽፍበትን ደብተር አወጣ። ድሬዳዋ ከዚራ 40፣ ፈረስ መጋላ 15፣ አዲስ አበባ አከፋፋይ 600። የከፈሉት በቀይ ተሰርዘዋል። 600ው እንዳለ ነው። አከፋፋዩ ከሽያጩ ከመቶ 35ቱን ሊወስድ ተስማምቶ ነው የተረከበው። ሲደወልለት «ገና አልተሸጠም» ይላል፤ የጓደኛዬ እህት ግን ፒያሳ አዟሪ እጅ ላይ አይታዋለች።

ለእኔ ዋናው ልዩነት ይኸው ነው። ጋናዊው ትንሽ ያገኛል፣ ግን የሸጣትን ያውቃል፣ ገንዘቡም ይገባለታል። የኛ ሰው ቀድሞ ይከፍላል፣ ከዚያ የራሱን ገንዘብ ሲለምን ይከርማል።

«አንተም አማዞን ላይ ጫነው» አልኩት።

«አቦ ተይኝ!» አለኝ። (ሐረር ወንዱም አንቺ ነው፤ ናፍቆኝ ነበር።) «አንባቢዬ ካርድ የለው። አሥር ዶላር ከሺህ ብር በላይ እንደሆነ ረሳሽው?»

ጠዋት ጀጎል ውስጥ በራምቦ ስም የሚጠራውን ሙዚየም አየን። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ ከመነገዱ በፊት፣ እንደ አውሮፓውያን በ1873፣ «በሲኦል አንድ ወቅት» የሚለውን መጽሐፉን ብራስልስ በራሱ ወጪ አሳትሞ ነበር። ወደ 500 ኮፒ ታተመ። ጥቂት ወስዶ ቀሪውን ሂሳብ ሳይከፍል ቀረ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ የተገኘው በ1901 ነው፣ እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀ። «እኔስ ቢያንስ የማተሚያውን ከፍያለሁ» አለ።

ስመለስ ከሻንጣዬ ግማሹን በርበሬ አወጣሁና 30 ኮፒ ከተትኩ። እናቴ እስካሁን አኩርፋለች። ጓደኛዬ ደብተሩን ገለጠና ከ600ው ስር ጻፈኝ፦ ቨርጂኒያ 30፣ በዱቤ።