ሰው የሚጠጋጋው ተራው እንዳይወሰድበት ነው

በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ሰው ከሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲራራቅ ታዘዘ። ይህን ያልሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ ማግኘት ከባድ ነበር፤ ስልክ ሲደወል እንኳ ከጥሪው ቀድሞ የሚሰማው ማሳሰቢያው ነበር። መገናኛና ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ግን የአንዱ ደረት ከሌላው ጀርባ እንደተጣበቀ ቀረ። ባለሥልጣናት «የግንዛቤ ችግር» አሉት። ችግሩ ያለው ሰልፉ ላይ ነው።

60 ሰው በሁለት ሜትር ልዩነት ቢቆም ሰልፉ 118 ሜትር ይረዝማል። የሱቅ ደጃፍና የመኪና መግቢያ ይዘጋል፣ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ከፊት የሚሆነውን አያይም። መሐል የተተወው ክፍተት አዲስ ለሚመጣው የሰልፉ መጨረሻ ይመስለዋል፤ አውቆ ለሚገባ ደግሞ የተከፈተ በር ነው። አንዱ ጠጋ ሲል ከኋላው ያለውም ይከተላል። በኖራ የተቀባው ምልክት ያኔ ማንንም አያቆምም፤ ለነገሩ አንድ ዝናብም አይችልም።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ይህን ከኮሮና በፊት ፈቶታል። ቦኖው ጋ የሚሰለፈው ጄሪካኑ ነው፣ ባለቤቱ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። የሸማቾች ማኅበር ዘይት ሲያከፋፍል፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ሲያወጣ፣ ተራ አስከባሪ ታክሲ ሲያሳፍር ይኸው አሠራር በቁጥር ወረቀት ይሠራል። ከ1 እስከ 100 የተጻፈበት ጠንካራ ካርቶን ይበቃል፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ቀለም ይለያይ፣ አለዚያ የጠዋት ወረቀት ይዞ ማታ የሚመጣ አይጠፋም። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ይሰጥ። መጠበቂያውና መስተናገጃው ቢያንስ አሥር ሜትር ይራራቁ፣ አሥር አሥር ቁጥር እየተጠራ ይግባ። በአፍ ብቻ ከተጠራ ሰው ለመስማት ይከብባል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከሩቅ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ተራው ያለፈበት ሦስት ሰው ጠብቆ ይግባ እንጂ ወደ መጨረሻ አይመለስ። ይህ ከሌለ ማንም ከበሩ አይርቅም።

ታክሲ ላይ የተወሰደው እርምጃ ግማሽ ጭነት በእጥፍ ታሪፍ ነበር። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ 6 ሰው በእጥፍ ቢጭን የሹፌሩ ገቢ በወረቀት ላይ አይጎድልም። መስመሩ ላይ ያለው ወንበር ግን በግማሽ ቀነሰ፣ ሥራ የሚገባው ሰው አልቀነሰም። ግፊያው ከመኪናው ወጥቶ ፌርማታው ላይ አረፈ። ሲመሽ ደግሞ ስድስቱ አሥራ ሁለት ሆኖ ታሪፉ እጥፍ እንደሆነ ይቀጥላል የሚል ቅሬታ በረከተ። ሁለት እጥፍ ከፍሎ ተጨናንቆ የሄደ ተሳፋሪ መመሪያውን እንዲያከብር በምን አፍ ይነገረዋል?

በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወንበር መዝለል ብዙም አያድንም፣ የሁሉም ትንፋሽ እዚያው ይዞራልና። በግራ ከፊት፣ በቀኝ ከኋላ አንድ አንድ መስኮት መክፈት ይሻላል። ግን መስኮት ከተከፈተ «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፣ ረዳቱም ለሰላም ሲል ይዘጋዋል። ትራፊክ ፖሊስ ሰው ከሚቆጥር የተከፈተ መስኮት ቢቆጥር ኖሮ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ቦታ ማስፋትም ብቻውን አይበቃም። አትክልት ተራ በዚያው ዓመት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ክረምቱ ገባና ሜዳው ጨቀየ። ጭቃ ላይ ስፋት ዋጋ የለውም፣ ሰውም ጭነትም ደረቁን ፈልጎ ይሰበሰባል። ጠጠርና የውኃ መውረጃ ከገበያው መቅደም ነበረባቸው።

ለቅሶ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ እድር ከቀብር የቀረ አባሉን ይቀጣል፤ ስለዚህ ሰው የሚሄደው አዝኖም፣ ሐሜትና ቅጣት ፈርቶም ነው። ወረርሽኝ በታወጀ ጊዜ የመቅረት ቅጣቱ ይነሳ፣ የገንዘብ መዋጮው ይቀጥል። ድንኳኑ በሁለት ጎኑ ይከፈት፣ አምስት ሰው የሚይዘው አግዳሚ ሁለት ሰው ብቻ ይያዝ፣ እህሉም ድንኳን ውስጥ ከሚቀርብ ለሐዘንተኛው ቤት ይሰጥ። ይህን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ለመጨመር አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃል።