ይድረስ ለጋሼ ግድብ፣ ከእግርዎ ሥር ከሚኖረው ጎረቤትዎ

ከሰፈራችን በላይ ለተጋደሙት ጋሼ ግድብ፣
ሜሪላንድ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቀው። የእርስዎ ጤና የኔም ጤና ሆኖብኝ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ አልዘነበማ።

የተሠሩት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ በዕድሜ ይበልጡኛልና አንቱ እላለሁ። ግን ተናድጃለሁ። መሃል ላይ አንተ ካልኩ አይቀየሙኝ።

ቤቱን ስገዛ ደላላው «ከጓሮው የሚያምር አረንጓዴ ኮረብታ ይታያል» አለኝ። አልዋሸም፣ አረንጓዴ ነው። ኮረብታ ግን አይደለም። እርስዎ ነዎት። ከጀርባዎ ውሃ እንደተኛ ያወቅኩት ከገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ውሻውን የሚያናፍስ ጎረቤት ነግሮኝ ነው። ባንኩማ «ቤቱ የጎርፍ ቀጠና ውስጥ የለም» ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶኛል። እሱም አልዋሸም። የሱ ካርታ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ የት እንደሚደርስ ነው የሚያሳየው። ግድብ ሲናድ ውሃው የሚሄድበት ካርታ ሌላ ነው። እሱን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ካርድዎን ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች የተመዘገቡበት መዝገብ አላቸው። ውጤታችሁን ለዓመታት ከሕዝብ ደብቀውት ነበር፤ አሁን የአብዛኞቻችሁን ማንም ስልኩ ላይ ያየዋል። እኔ ስከፍተው እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡና ትቆላለች። ልትጠይቀኝ ከድሬዳዋ መጥታ ነው።

«ምን ይላል?»

«ሃይ ሐዛርድ ይላል እማዬ።»

«ሃይ ማለት ከፍተኛ አይደል እንዴ? ጎበዝ ነዋ አቦ! ከስንት ስንተኛ ወጣ?»

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ተሳስቻለሁ። «ሃይ» የሚለውን ሳይ ነገ ሊናዱ ነው ብዬ ፓስፖርቶቹን በአንድ ፌስታል ሰብስቤያለሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብ ለካ ይህ የሐዛርድ፣ ማለትም የአደጋ፣ ውጤት ስለ ጤናዎ አንድም ነገር አይናገርም። የሚናገረው ቢናዱ ማን እንደሚጎዳ ነው። ከሥርዎ የባለቤቱ ማሳ ብቻ ካለ፣ ሎው፣ ዝቅተኛ። መንገድና ንብረት የሚወድም ከሆነ፣ ሲግኒፊካንት፣ ከበድ ያለ። ሰው ሊሞት ይችላል ከተባለ፣ ሃይ። ነገ ብረት ቢሆኑም ሃይ ነዎት። ፈተናውን የተቀመጡት እርስዎ፣ ውጤቱን ያመጣነው እኛ።

የሰፈሩ አሮጌ ሰዎች እንደሚሉት እርስዎ ሲሠሩ ከታች በቆሎ ነበር። በቆሎ ጎርፍ ቢወስደው ያስቆጫል እንጂ አያስለቅስም። ከዚያ በቆሎው ተነሳ፤ ቤት፣ መኪና ማቆሚያ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እኔ። አንድ አካፋ አፈር ሳይጨመርብዎ፣ አንድ አካፋ ሳይነሳብዎ ውጤትዎ ከታች ወደ ላይ ወጣ። መሐንዲሶቹ «ሐዛርድ ክሪፕ» ይሉታል፣ አደጋው ቀስ እያለ ሲድህ ማለት ነው። የዳኸነው እኛ ነን። እርስዎማ ንቅንቅ አላሉም፤ ባይነቃነቁም ደስ ይለኛል።

በዚህኛው ጥፋቱ የኔም ነው እንበል። ሁለተኛው ውጤት ግን የራስዎ ነው። እሱ የአቋም ውጤት ነው፦ አጥጋቢ፣ ፌር (ደህና እንደማለት)፣ ደካማ፣ ከዚያ በታች ደግሞ የማያጠግብ። «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚባል ነገር የለም። መሐንዲስና የድሮው የሒሳብ አስተማሪዬ ማርክ ላይ አንድ ናቸው። እርስዎ ያመጡት ፌር ነው። ፌር ማለት በአዘቦት ቀን የሚታወቅ ጉድለት የለበትም፤ እምብዛም የማያጋጥም ኃይለኛ ጎርፍ ከመጣ ግን ጉድለት ሊወጣበት ይችላል ማለት ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነበብኩት። የተሠራኸው እኮ ለጎርፍ ነው! ሌባ እስካልመጣ ድረስ ጎበዝ የሆነ ዘበኛ አየህ? አንተ ማለት… ይቅርታ፣ ጋሼ። እርስዎ ማለትዎ ነው።

የሃይ ሐዛርድ ግድብ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ይኖረዋል። የእርስዎም አለ፤ ጠይቄ አየሁት። ውሃው ከዚህ ሲያልፍ ለማን ይደወል፣ ማን የማንን በር ያንኳኳ የሚል ነው። ጥሩ ወረቀት ነው። ከተጻፉት ስልኮች አንዱን ሞከርኩት። አገልግሎት ላይ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ልንጠይቅዎ ወጣን። ውሃው መሃል አናቱ ላይ የብረት ወንፊት ያለው የሲሚንቶ ማማ ቆሟል። ውሃው እዚያ ይገባና በሆድዎ ባለው ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወጣል። ሥራዎ ይኸው ነው፤ ጎርፉን ውጦ መቆየት፣ ከዚያ በልክ በልክ መልቀቅ። ቢበዛብዎ ከጎንዎ ያለችው ሳር የለበሰች ሜዳ ማስተንፈሻ ናት። ልጆች ጎል ተክለውባታል።

እናቴ ዛፍ የሌለበት ነገር አይጥማትም። «ይሄን ሁሉ መሬት ራቁቱን! ሁለት ኒም ቢተክሉበት እንዴት ያለ ጥላ ይሆን ነበር» አለች። ዛፍ ጠላትዎ እንደሆነ አስረዳኋት። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። አልተዋጠላትም። ወዲያው ግን ጉድጓድ አየች፤ ጭንቅላት የሚያስገባ፣ ትኩስ አፈር የተከመረበት። ባለቤቱ አጠገቡ ሳር ይበላል። ድመት የሚያክል ወፍራም ነገር ነው፤ ፈረንጆቹ ግራውንድሆግ ይሉታል፣ እኛ ቤት ፍልፈሉ ነው። ስንቀርበው እንኳ አልደነገጠም። ጋሼ፣ ሆድዎን እየቆፈሩት ዝም ይላሉ?

እናቴ ግን ፍልፈሉን አላየችም። ውሃውን ነው የምታየው። የደቻቱ ልጅ ናት። ደቻቱ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ግን አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ድሬ በተኛችበት ሌሊት መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። «ሲመጣ ድምፁ እንደ ባቡር ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

በዚያው ክረምት፣ ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ ላይ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ሮክቪል አጠገብ ያለው የኒድዉድ ሐይቅ ግድብ ሰው አስጨንቆ ነበር። እኩያዎ ነው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራ የአፈር ግድብ። ለቀናት ያለማቋረጥ ዘንቦ ሐይቁ ሞላ፣ ግድቡ ማፍሰስ ጀመረ። ወደ 2,200 ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ግድቡ ግን አልተናደም፤ ሰዎቹም ተመለሱ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ቀድመው አንኳኩ ማለት ነው» አለች፤ እኔም ያ የማይነሳው ስልክ ትዝ አለኝ።

መቼስ የአፈር ግድብ ትንሽ ማላቡ አይቀርም። የሚወጣው ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰላም ነው። ድፍርስ ከሆነ ግን ሆድዎን ይዞ እየወጣ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በየቅዳሜው ከእግርዎ ሥር ላብዎ ከሚወጣባት ትንሽ ቱቦ በብርጭቆ እቀዳለሁ። ጎረቤቶቼ የምጠጣው ይመስላቸዋል፣ አላስተባበልኩም።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ ጥቂት ናቸው። ፍልፈሉን ያስወጡ። ሳርዎን በጊዜው ያሳጭዱ። ያንን ስልክ የሚያነሳ ሰው ይፈልጉልኝ። ፌሩንም ወደ አጥጋቢ ከፍ ያድርጉት። ሃይ የምትለዋን ግን ተዉአት፣ እሷ የኔው ናት። ቤቱን የምሸጠው ወለዱ ሲቀንስ ነው።

እናቴ ወደ አገሯ ልትመለስ በዋዜማው ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። እንደ ጠጅ ወደ ፀሐይ አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«ጥርት ያለ ነው» አለች። «ለዛሬ።»

ከሰላምታ ጋር፣
ከታችዎ ያለው ጎረቤት

ግልባጭ፦
ለፍልፈሉ፣ ባለበት
አገልግሎት ላይ ላልሆነው ስልክ